የጋፋት ጠቢባንና የአይሮፕላን ነጂው ውል

ከደብረ ታቦር አጠገብ ያለችውን ጋፋትን ታውቋታላችሁ። ዐፄ ቴዎድሮስ ቴዎፍሎስ ዋልድማየርንና ጓደኞቹን አስፍረው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩት በዚያ ነው። ሰዎቹ የመጡት በወንጌልና በእጅ ሥራ ለማገልገል ነበርና መድፍ ማፍሰስን አያውቁም ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ አዘዟቸው፤ እየከሸፈባቸው ተማሩት። ደመወዝና ሽልማት አላጡም፤ ያጡት የመመለሻቸውን ቀን ነው። በ1860 ዓ.ም. ያ መድፍ ወደ መቅደላ ሲጎተት እነርሱም አብረው ተጓዙ።

ይህን ማንሣቴ ስለ አይሮፕላን ነጂዎቻችን ውል ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ነጂዎቹ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ፤ ኢትዮጵያውያንን ማሠልጠን ብዙ ገንዘብና ብዙ ዓመት ጠይቋል። ዛሬ ሠልጣኙ በድርጅቱ ወጪ ተምሮ የተወሰኑ ዓመታት ሊያገለግል፥ ዋስ ጠርቶ ይፈርማል። ጊዜው ሳይሞላ ደመወዝ ወደሚበዛበት አገር ቢሄድ፥ «እንደ ጋፋት ሰዎች ታስሬ ነበር» ሊል ይችላልን? ዘመኑን አውቆ ፈርሟልና አይችልም። ድርጅቱም ዘመኑ በሞላ ቀን የመልቀቂያውን ወረቀት ሳያጉላላ ሊሰጠው ይገባል። ነጂው ውሉን አፍርሶ ከሄደ ግን ተጠያቂው አገር ቤት የቀረው ዋሱ ነው፤ ይህም ዋስ እንደ እናንተ በወር ደመወዝ የሚተዳደር አጎት ወይም ጎረቤት ሊሆን ይችላል።