የድንበር ጠባቂው ልብስ

ከባንክ ሥራዬ በሚተርፈኝ ጊዜ የአሶሳን ድንበር ጠባቂዎች ጣት በሚያክሉ የሸክላ ምስሎች መቅረጽ ከጀመርሁ ወዲህ፣ ታሪክን የምጠይቀው በቀለም ነው። ይህ ወታደር ምን ለብሶ ነበር? ምንስ ታጥቆ?

ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክና እንግሊዝ የሱዳንን ወሰን ሲፈራረሙ፣ የበርታ ሕዝብ ከመስመሩ ወዲህና ወዲያ ቀረ። የዚያ ዘመን ወታደራችን የደንብ ልብስ አልነበረውም፤ ሸማውን ደርቦ፣ ዝናሩን ታጥቆ፣ ውጅግራውን አንግቶ ይዘምታል። ውጅግራ የሚለው ስም ራሱ «ፉዚል ግራ» ከተባለው የፈረንሳይ ጠመንጃ የመጣ ነው።

ኢጣልያ ስትመጣ ቀለሙ በዛ። የቅኝ ግዛት ሻለቆቿ በወገብ መታጠቂያቸው ቀለም ይለዩ ነበር። ከመደበኛው ጦር ውጭ ያሰለፈቻቸውን ደግሞ «ባንዳ» አለቻቸው፤ ስሙ ለእኛ ስድብ ሆኖ ቀረ።

መጋቢት 2 ቀን 1933 ዓ.ም. አሶሳን ከኢጣልያ እጅ ያስለቀቀው የቤልጅግ ኮንጎ ጦር ነበር፤ የኮንጎ ልጆች፣ በሰው ባንዲራ ሥር፣ ከአገራቸው እጅግ ርቀው! በዚያ ጦርነት በሁለቱም ወገን የተሰለፈው አፍሪካዊ ብዙ ነው።

ልብሱን ስቀባ ቀለሜ ከመንግሥት መንግሥት ይለዋወጣል። ፊቱ ላይ ስደርስ ግን ብሩሼ የሚነክረው ከዚያው ከቡናማው ነው። ልብስ የላኪውን ይናገራል፤ ፊት የተላከውን።