ሳንድፎርድ፣ ቤተሰብ
ኢትዮጵያ ውስጥ የሰፈረ እንግሊዛዊ ቤተሰብ። የዘር ሐረጉ ከኤድንብራው ጳጳስ ዳንኤል ሳንድፎርድ ይመዘዛል፤ ጳጳሱ ጆንን ወለዱ፤ ጆን ደግሞ ኧርነስት ግሬይን፤ ሁለቱም ሊቃነ ዲያቆናት ነበሩ። የኧርነስት ልጅ ብርጋዴር ዳንኤል አርተር (እ.ኤ.አ. 1882–1972) ዴቨን ተወልደው ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ሙሎ ላይ እርሻ አቀኑ፤ እ.ኤ.አ. በ1940 ሚሽን 101 የተባለውን የእንግሊዝ ወታደራዊ ልዑክ መርተው ጣሊያንን የሚወጉ አርበኞችን ሊያግዙ ጎጃም ገቡ። ባለቤታቸው ክርስቲን የመሠረቱት የአዲስ አበባ ትምህርት ቤት ዛሬም ሳንድፎርድ ይባላል።

የዘር ቆጠራው የሚነሣው ከአጥቢያ የጥምቀት መዛግብትና እ.ኤ.አ. በ1837 በእንግሊዝ ከተጀመረው የመንግሥት ልደት ምዝገባ ነው። ዳንኤል የሚለው ስም ስለሚደጋገም፣ ጳጳሱንና ብርጋዴሩን የሚለየው ማዕረግና ዘመን ነው።