የስሜን ሰነድ፤ የአንድ የቅርስ ማመልከቻ ታሪክ

የሥራ ሐሳብ አዘጋጅቶ ያስረከበ ባለሙያ ተግባሩ የተፈጸመ ሊመስለው ይችላል። ዳሩ ግን የጸደቀ ሰነድ ከመሬቱ ጋር በየጊዜው ካልተመሳከረ፣ ጉዳዩ የሚመለከተውም ወገን አስቀድሞ ካልተሰማ፣ እርማቱ ከመጀመሪያው ድካም የረዘመ ዘመን ይጠይቃል። ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን፣ ከደባርቅ በላይ የሚገኘው የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው።

ፓርኩ በሕግ የተቋቋመው በ1962 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1969) ሲሆን፣ ከዓላማዎቹ ዋነኛው ከኢትዮጵያ በቀር በየትም የማይገኘውን ዋልያ ከመጥፋት ማዳን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ ኮሚቴ የመጀመሪያዎቹን 12 ቅርሶች ሲመዘግብ፣ ስሜን ከላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ጋር ከእነዚሁ አንዱ ሆነ። በመዝገቡ የሰፈረው ስፋት 13,600 ሄክታር፣ ማለትም 136 ካሬ ኪሎ ሜትር ነበር። የጎንደሩ ፋሲል ግቢ ደግሞ በተከታዩ ዓመት ተመዘገበ።

በወረቀት ላይ የተሰመረው ወሰን ግን ገደሉንና ዋልያውን ብቻ አላቀፈም፤ እንደ ግጭ ያሉ መንደሮችን፣ የገብስ ማሳቸውንና የከብቶቻቸውን ግጦሽ ጭምር ይዞ ነበር። ገበሬው ሰነዱን ሳያነብ ማረሱን ቀጠለ፤ ሰነዱም ገበሬውን ሳያይ በመዝገብ ቤት ቆየ።

እ.ኤ.አ. በ1996 ኮሚቴው የዋልያውን መመናመን፣ በፓርኩ ውስጥ የሚያልፈውን መንገድና የእርሻውን መስፋፋት ተመልክቶ፣ ስሜንን በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር አስገባው። የክልሉ ባለሥልጣናት በውሳኔው እንዳልተስማሙ አስታወቁ። 

ከዝርዝሩ ለመውጣት መሟላት ያለባቸው ሁኔታዎች በመጀመሪያ ሲነደፉ፣ መንደሮች ከወሰኑ ውጭ እንዲሆኑ፣ ፓርኩ እንዲሰፋ፣ በውስጡ የሚኖረው ሕዝብ እንዲቀንስና ዋልያና ቀይ ቀበሮ እንዲበዙ የሚሉ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2006 እንደገና ሲታረሙ ግን አነጋገሩ ተለወጠ። ራስ ደጀንን የሚጨምረው አዲስ ወሰን በሕግ እንዲጸድቅ፣ የልቅ ግጦሽ ጫና እንዲቀንስ፣ ለነዋሪዎቹም አማራጭ መተዳደሪያ እንዲፈለግ ተጠየቀ። በመጀመሪያው ረቂቅ መቀነስ ያለበት ቁጥር የነበረው ሕዝብ፣ በተሻሻለው ኑሮ ያለው ሰው ሆኖ ታየ።

ከዚያ በኋላ ፓርኩ ወደ 412 ካሬ ኪሎ ሜትር ሰፍቶ በሕግ ተደነገገ። እ.ኤ.አ. በ2016 የግጭ ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ ተዛወሩ፤ ትውልዶች ካረሱት ደጋ ተነሥቶ ከተሜ መሆን በሪፖርት አንድ መስመር ቢሆንም፣ ለቤተሰቡ መላ ሕይወቱ ነው። በ2017 ኮሚቴው በክራኮቭ ተሰብስቦ ስሜንን ከአደጋው ዝርዝር አወጣ። ክራኮቭ ራሷ በ1978 ከስሜን ጋር ከተመዘገቡት ከ12ቱ አንዷ ነበረች። ያን ጊዜም ቢሆን በቅርስ መዝገቡ የሰፈረው የቀድሞው 136 ካሬ ኪሎ ሜትር እንጂ አዲሱ ወሰን አልነበረም፤ ሁለቱን ማስታረቅ ገና የሚቀር ሥራ ነበር።

የጎንደር ሊቃውንት በመጻሕፍት ትርጓሜ ጉባኤ፣ ከአንዱ ፍቺ ቀጥለው ‹‹አንድም›› እያሉ ሌላውን ያኖራሉ እንጂ የቀደመውን አይሰርዙም። የሥራ ሰነድም እንዲሁ ነው። እያንዳንዱ አስተያየት ከነቀኑና ከነምክንያቱ ሊቆይ፣ እያንዳንዱም እርማት ካርታውንና መዝገቡን በአንድነት ሊያስተካክል ይገባል። ከሁሉ በፊት ግን መስመሩ በደጁ የሚያልፍበት ሰው፣ መስመሩ ሳይሰመር ‹‹አንድም›› ብሎ ቃሉን እንዲሰጥ ሊጠየቅ ይገባል።