ሰኔ፣ የተዋሰ ከረባትና መልሱ የማይታወቅ ጥያቄ

ሰኔ ሲመጣ ግቢ ውስጥ የማይቀር ትዕይንት አለ። ዓመቱን ሙሉ በቱታና በነጠላ ጫማ የከረመው ተማሪ ሁሉ ድንገት ሙሉ ልብስ ለብሶ ብቅ ይላል። ኮቱ የወንድሙ፣ ከረባቱ የዶርም ጓደኛው፣ ጫማው የማን እንደሆነ እግዜር ይወቅ። እጁ ላይ ፍላሽ ዲስክ፣ ብብቱ ሥር የተጠረዘ ወረቀት። ዲፌንስ ነው!

እኛም አልፈንበታል። እዚህ ከምንጽፈው መካከል ሁለታችን የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች ነበርን። ፕሮጀክታችሁ ምን ነበር ብትሉን፣ አዎ፣ እንደገመታችሁት ነው፦ የቤተ መጻሕፍት አስተዳደር ሲስተም። ከኛ በፊት የነበሩትም ሠርተውታል፣ ከኛ በኋላ የመጡትም ሠርተውታል። መብራት ሄዶ መጣ፣ ፕሮጀክተሩ እንቢ ብሎ እሺ አለ፣ 20 ደቂቃ ተናገርን። አንደኛው ፈታኝ የገጹ ኅዳግ ለምን ጠበበ አሉ። ሁለተኛው ማውጫው ላይ የገጽ ቁጥር ተሳስቷል አሉ። አስተካከልን፣ ኤ አገኘን፣ ጥራዙ መደርደሪያ ላይ ወጣ። የሚያስቀው ነገር፣ ያ ጥራዝ የተቀመጠበት ቤተ መጻሕፍት እስከተመረቅንበት ቀን ድረስ መጽሐፍ የሚያውሰው በካርድ ነበር።

ታዲያ ሰሞኑን ቁጭ ብለን ስንጫወት አንድ ጥያቄ ተነሣ። ለመሆኑ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሰው ፊት ቆሞ "ምርምሬ ይህ ነው" ይበል የሚለው ሐሳብ ከየት መጣ? ገና ተምሮ ያልጨረሰ ልጅ ምን አዲስ ነገር ሊናገር ይችላል? ታሪኩን ስንከታተል ብዙ ነገር አገኘን፤ እነሆ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሐሳቡ የብዙ ሰዎች ነው፤ ጎልቶ የተነገረበትን ቀን ግን እናውቀዋለን። በግንቦት 1957 ኤድዊን ላንድ የሚባል ሰው በአሜሪካው ኤም.አይ.ቲ ንግግር አደረገ። ላንድ የፖላሮይድ ኩባንያ መሥራች ነው፤ ሀርቫርድን ሳይጨርስ የወጣ ሰው። ፎቶ ተነሥቶ ወዲያው የሚያወጣውን ካሜራ የፈጠረው፣ በ1943 ትንሽ ልጁ "ፎቶውን አሁኑኑ የማላየው ለምንድን ነው?" ብላ ስለጠየቀችው ነው ይባላል። የልጅ ጥያቄ አይናቅም ማለት ለእርሱ ተረት አልነበረም፤ እንጀራው ነበር። ላንድ በዚያ ንግግሩ፣ ተማሪ አራት ዓመት ሙሉ ሌሎች የደረሱበትን እየሸመደደ ለምን ይቆያል? ገና ግቢ ከገባበት ጊዜ ጀምሮ የራሱ የሆነ ምርምር ይሰጠው፣ የሚያማክረው መምህርም ከጎኑ ይሁን አለ።

ንግግሩ ንግግር ሆኖ 12 ዓመት ቆየ። በ1969 ግን ማርጋሬት ማክቪካር የምትባል ወጣት የፊዚክስ መምህርት ሥራ ላይ አዋለችው። ያኔ ገና 26 ዓመቷን አልደፈነችም ነበር፤ ራሷም እዚያው ኤም.አይ.ቲ የተማረች ናት። ላንድም ገንዘብ ሰጠ። የተማሪዎች የምርምር ዕድል ፕሮግራም ተባለ፤ ባጭሩ "ዩሮፕ"። አሠራሩ ቀላል ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪው የፕሮፌሰሩ ላቦራቶሪ ይገባል፤ ፕሮፌሰሩ እየሠሩት ያለውን እውነተኛ ምርምር አብሮ ይሠራል፤ ለዚህም ክሬዲት ወይም ክፍያ ያገኛል።

ልብ በሉ፣ እዚህ ላይ ነው ቁም ነገሩ። በተለመደው የላብ ትምህርት ተማሪው የሚሠራው ሙከራ ውጤቱ አስቀድሞ ይታወቃል። መምህሩ መልሱን ኪሱ ውስጥ ይዞታል፤ ተማሪው ያንኑ ካላመጣ ተሳስቷል። (እኛማ ቁጥሩ እምቢ ሲል ከመልሱ ወደ ኋላ እየቆጠርን ሙከራውን "እናስተካክለው" ነበር። ያላደረገ እጁን ያውጣ!) በማክቪካር ፕሮግራም ግን መልሱን ተማሪውም አያውቀውም፣ መምህሩም አያውቀውም። ተማሪው የሚናገረው ነገር ለመምህሩም ያስፈልገዋል። እንዲህ ሲሆን የሚያዳምጠው ሰው ኅዳግ አይለካም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ እየሰፋ ሄደ። በ1978 በአሜሪካ ትንንሽ ኮሌጆች የሚያስተምሩ የኬሚስትሪ መምህራን የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎችን ምርምር የሚደግፍ ምክር ቤት አቋቋሙ። በ1987 ደግሞ በሰሜን ካሮላይና፣ አሽቪል ከተማ፣ የእነዚህ ተማሪዎች የመጀመሪያው ብሔራዊ ጉባኤ ተካሄደ። ከሌላ ግቢ የመጣ፣ የማያውቅህ ሰው ፖስተርህ ጋ ቆም ብሎ "እና ምን ይሁን?" ይልሃል። ለዚያ ጥያቄ ሁለት ደቂቃ የሚበቃ መልስ ማዘጋጀት መቶ ገጽ ከመጠረዝ ይከብዳል።

"ይሄ ሁሉ ጥሩ ነው፣ ግን ልጆቹ ያመጡት ነገር አለ ወይ?" ትሉ ይሆናል። አለ።

አንድ ቁልል ቂጣ አስቡ፤ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ፣ ተደበላልቆ የተደረደረ። ከመካከል መጥበሻ ማገላበጫ አስገብታችሁ ከላይ ያለውን ሁሉ አንድ ላይ መገልበጥ ብቻ ይፈቀድላችኋል። ትልቁ ከታች፣ ትንሹ ከላይ እንዲሆን ቢበዛ ስንት ጊዜ ትገለብጣላችሁ? ቀላሉ ዘዴ ትልቁን ፈልጎ ወደ ላይ ማምጣት፣ ከዚያ ቁልሉን በሙሉ ገልብጦ ታች ማድረስ፣ ከዚያ ተከታዩን እንዲሁ ማድረግ ነው። ለ100 ቂጣ ይህ ዘዴ እስከ 197 ግልበጣ ሊፈጅ ይችላል። በ1970ዎቹ ሀርቫርድ ውስጥ መምህር ሃሪ ሉዊስ ይህን ጥያቄ ክፍል ውስጥ አነሡት። አንድ ተማሪ የተሻለ ዘዴ አለኝ ብሎ መጣ። ከወጣቱ መምህር ክሪስቶስ ፓፓዲሚትሪዮ ጋር ሆኖ አሠራው፤ በእነርሱ ዘዴ 100 ቂጣ ከ168 ግልበጣ አያልፍም። ጽሑፉ በ1979 ሲታተም ተማሪው ትምህርቱን ትቶ የራሱን ኩባንያ ይመራ ነበር። ስሙ ቢል ጌትስ ነው። ያ ውጤት በሌላ የተሻሻለው 30 ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው።

ጌትስን ሁሉም ያውቀዋል፤ ወደ ቅርቡ እንምጣ። በ2018 ኢዊን ታንግ የ18 ዓመት ልጅ ናት፤ ኦስቲን በሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። ሁለት ተመራማሪዎች፣ ኬሬኒዲስና ፕራካሽ፣ ለአንድ ሰው የሚወደውን ፊልም ወይም ዕቃ መርጦ የማቅረብን ሥራ ኳንተም ኮምፒውተር በእጅጉ አፍጥኖ እንደሚሠራው አሳይተው ነበር። አማካሪዋ ስኮት አሮንሰን የሰጣት ሥራ፣ ተራው ኮምፒውተር በዚያ ፍጥነት ሊሠራው እንደማይችል አረጋግጪ የሚል ነው። ሞከረች፣ አልሆነም። እንዲያውም ተራው ኮምፒውተር እንደሚችል የሚያሳይ ዘዴ አገኘች። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ በርክሌይ ሄዳ በዘርፉ አዋቂዎች ፊት አቀረበች። ከተቀመጡት መካከል ኬሬኒዲስና ፕራካሽ ራሳቸው ነበሩ! በሁለት ቀን ከአራት ሰዓት በላይ በጥያቄ ወጠሯት። መጨረሻ ላይ ትክክል ሳትሆን አትቀርም አሉ። ዲፌንስ ማለት ይህ ነው።

በ2025 የወጣው ደግሞ ይብሳል። በራትገርስ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የነበረው አንድሩ ክራፒቪን፣ ኮምፒውተር መረጃ አስቀምጦ በፍጥነት የሚያገኝበትን ሃሽ ቴብል የተባለውን አሠራር የሚያሻሽል መንገድ አገኘ። ስመ ጥሩው አንድሩ ያኦ በ1985 ከዚህ ወዲያ መፍጠን አይቻልም ብለው የገመቱት ነገር ነበር። ልጁ ግምቱን አልሰማም ነበር። ስላልሰማ ሞከረ፤ ስለሞከረ አገኘ።

"ያ አሜሪካ ነው፣ ላብ አላቸው፣ ብር አላቸው" እንዳትሉን እንጂ፣ ቂጣ ለመገልበጥ ምን ላብ ያስፈልጋል? ደግሞም ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1950 ተከፈተ። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ፣ ቤተ መጻሕፍቱን ይመሩ በነበሩት በፖላንዳዊው ስታኒስላው ቾይናትስኪ አበረታችነት የኢትኖሎጂ ማኅበር ተቋቋመ፤ ከ1953 ጀምሮም መጽሔት አወጣ። ተማሪዎቹ ስለየመጡበት አካባቢ ልማድ አጥንተው ይጽፉበት ነበር። ኮምፒውተር አልነበራቸውም፤ መምህራኖቻቸው የማያውቁት፣ እነርሱ ግን ቀርበው ሊጠይቁት የሚችሉት ነገር ግን ነበራቸው። ዛሬም ድረስ ተመራማሪዎች ያንን መጽሔት ይጠቅሳሉ። የኛን ጥራዝ ግን አቧራ እንጂ ሌላ የጠቀሰው የለም።

በኮምፒውተሩም ቢሆን በደጃችን የተቀመጠ ጥያቄ ሞልቷል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በአንዱ ሶፍትዌር የተጻፈ አማርኛ በሌላው ሲከፈት የቁራ አሻራ ይመስል ነበር። ዛሬ ያ ተቃልሏል፤ ግን "ፀሐይ"፣ "ጸሐይ" እና "ፀሀይ" አንድ ቃል መሆናቸውን ማሽን እንዴት ይወቅ? ከ"ሰበረ" የሚወጣውን ያን ሁሉ "ተሰባበረ፣ አሰባበረ፣ ሲሰብሩበት" እንዴት ይለይ? በዚህ ብዙ ተሠርቷል፣ ብዙም ይቀራል። ጥያቄው እኛን ነው የሚጠብቀው።

በመጨረሻ አንድ ነገር እንናዘዝ። ጥራዛችንን መደርደሪያው ላይ ለማስቀመጥ የወሰድን ዕለት፣ ካርድ ሲያገላብጡ የኖሩት የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ተቀበሉን። "ልጆቼ፣ ምንድን ነው ይሄ?" አሉ። የቤተ መጻሕፍት ሲስተም ነው አልናቸው። ሽፋኑን አዩት፣ እኛን አዩን። "ታዲያ እኔን ለምን አልጠየቃችሁኝም?"

መልስ አልነበረንም። ስለዚያ ፕሮጀክት የተጠየቅነው እውነተኛ ጥያቄ ያ ብቻ ነበር፤ የመጣውም ጥራዙ ከታሰረ በኋላ።

እናም ዘንድሮ ፕሮፖዛል የምትጽፉ ወዳጆቻችን፣ ርዕሳችሁን ከማስገባታችሁ በፊት አንድ ቀን ስጡት። ሥራው ይመለከተዋል የምትሉትን ሰው ሄዳችሁ ጠይቁት፤ መልሱን ማንም ኪሱ ያልያዘውን አንዱን ይዛችሁ ተመለሱ። የዲፌንሱ ቀን እኛም ኋላ ወንበር ላይ ቁጭ እንላለን። ስለ ኅዳግ አንጠይቅም፣ ቃላችን ነው። ከረባት ከቸገራችሁም አንድ አለን፤ እናውሳችኋለን።

ቸር እንሰንብት።