ሳይኮቴራፒ ስንት ያስወጣል? ከመጀመራችሁ በፊት የምትሰሩት ሂሳብ

«ቴራፒ መጀመር እፈልጋለሁ፣ ግን ዋጋው ያስፈራኛል» የሚል መልዕክት በውስጥ መስመር በተደጋጋሚ ይደርሰናል። የአዲስ አበባ የግል ክሊኒኮች ዋጋ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ስለዚህ ሂሳቡ እንዴት እንደሚሰራ እና ሳይጎዳችሁ እንዴት መክፈል እንደምትችሉ አዘጋጅተንላችኋል።

🔹 የምትከፍሉት ለማን ነው?

ሳይካትሪስት የሕክምና ዶክተር ነው፤ መድኃኒት ያዛል። ሳይኮሎጂስት በንግግር ነው የሚያግዛችሁ፤ መድኃኒት አያዝም። ሁለቱንም የምታዩ ከሆነ ክፍያውም ሁለት ነው። ስትደውሉ ቀጠሮው ከየትኛው ጋር እንደሆነና የሙያ ፈቃድ እንዳለው ጠይቁ።

🔹 የአንድ ቀን ዋጋ ብቻ አትጠይቁ

አንድ ሴሽን አብዛኛውን ጊዜ ከ45 እስከ 60 ደቂቃ ነው። ለጭንቀትና ለድባቴ በብዛት የሚሰጠው ሲቢቲ የሚባለው ቴራፒ ደግሞ በአብዛኛው ከ6 እስከ 20 ሴሽን ይወስዳል።

ለስሌት እንዲመች አንዱ ሴሽን 1,000 ብር ነው እንበል (የገበያ ዋጋ አይደለም)።

▪️ በሳምንት አንዴ፣ 12 ሴሽን = 12,000 ብር
▪️ ደርሶ መልስ ታክሲ 100 ብር × 12 = 1,200 ብር
▪️ ድምር = 13,200 ብር በሦስት ወር፣ ማለትም በወር 4,400 ብር

በየ15 ቀኑ ከሆነ የወሩ ወጪ በግማሽ ይቀንሳል፣ ግን ስድስት ወር ይፈጃል። ደመወዝ በወጣ ሰሞን ሦስቴ ሄዶ ብሩ ሲያልቅ ከመጥፋት፣ አቅማችሁን አስልታችሁ በዝግታ መጨረስ ይሻላል። የሚያዋጣችሁን ድግግሞሽ ከባለሙያው ጋር ወስኑ።

🔹 በስልክ የምትጠይቁት

▪️ የካርድ ክፍያ ለብቻው ነው? ለምን ያህል ጊዜ ያገለግላል?
▪️ የመጀመሪያው ቀጠሮ ዋጋ ከቀጣዮቹ ይለያል?
▪️ ብቀር ወይም ባረፍድ እከፍላለሁ?
▪️ በቪዲዮ ወይም በስልክ ይቻላል?
▪️ ለተማሪና ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው ቅናሽ አለ?
▪️ ጥቅል ከፍዬ ባቋርጥ ቀሪው ይመለስልኛል?

መጠየቅ ነውር አይደለም። ደረሰኝም ተቀበሉ።

🔹 ሌላ ማን ሊከፍል ይችላል?

➡️ መሥሪያ ቤታችሁ፦ የግል የጤና ኢንሹራንስ ካለው ውሉ ላይ የአእምሮ ጤና መካተቱን አረጋግጡ። የማያካትቱ ውሎች አሉ። ችግራችሁን ሳትናገሩ «የውሉን ኮፒ ላየው» ማለት ትችላላችሁ።

➡️ ማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድን፦ በዋናነት የሚሰራው በመንግሥት ጤና ተቋማት ነው፤ የግል ክሊኒክ ይከፍልልኛል ብላችሁ አትቁጠሩ። ከጤና ጣቢያ ጀምራችሁ በሪፈር ነው የምትሄዱት።

➡️ የመንግሥት ሆስፒታል፦ አማኑኤል፣ ጳውሎስ እና የካ ኮተቤ የአእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ። ክፍያው ከግል በብዙ ያንሳል። ወረፋ አለ፣ ከሐኪሙ ጋር ያላችሁ ጊዜም ሊያጥር ይችላል። ምርመራውንና መድኃኒቱን እዚያ አድርጎ፣ ለንግግር ሕክምናው ብቻ በግል መክፈል አንድ አማራጭ ነው።

➡️ ተማሪ ከሆናችሁ፦ ግቢያችሁ ውስጥ የካውንስሊንግ ቢሮ ካለ መጀመሪያ እሱን ሞክሩ።

🔹 መሃል ላይ ብር ቢያጥርስ?

አትጥፉ። «በዚህ ዋጋ መቀጠል አልቻልኩም» ብላችሁ ንገሩት። ቀጠሮውን ሊያራርቅ፣ ዋጋ ሊቀንስ ወይም ወደ ሌላ ቦታ ሊልካችሁ ይችላል። ቢያንስ በመጨረሻው ቀጠሮ ለብቻችሁ የምትሰሩትን ይዛችሁ ትወጣላችሁ።

መድኃኒት ከጀመራችሁ ደግሞ ሐኪም ሳታማክሩ አታቋርጡ። ከመግዛታችሁ በፊት የከነማ ፋርማሲንና የመንግሥት ሆስፒታል መድኃኒት ቤቶችን ዋጋ ጠይቁ።

⚠️ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ካለ ይህ ሁሉ ሂሳብ ይቆይ። ለምታምኑት ሰው ተናገሩ፣ ብቻችሁን አትሁኑ፣ በአቅራቢያችሁ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል አሁኑኑ ሂዱ።

ለሚያስፈልገው ሰው በውስጥ መስመር ላኩለት። አንዳንዱ ፖስቱ ሥር ኮሜንት ለመጻፍ እንኳ ያፍራል።