ቤተ ልሔም፥ የእንጀራ ቤት



ቤተ ልሔም ማለት በዕብራይስጥ ቋንቋ የእንጀራ ቤት ማለት ነው። ከኢየሩሳሌም በስተደቡብ 9 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የንጉሥ ዳዊት አገር ናት። ጌታችን በዚያች ከተማ፥ የእንግዳ ማረፊያ ታጥቶ፥ በግርግም ተኛ፤ ግርግምም የእንስሳት መኖ የሚቀርብበት ነው። የሕይወት እንጀራ የሆነው እርሱ መብል በሚቀመጥበት ስፍራ መተኛቱ ያለ ምክንያት አይደለም።

በዋሻው ላይ በቆስጠንጢኖስና በእናቱ በንግሥት እሌኒ ዘመን የተጀመረው ቤተ ክርስቲያን፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ339 ዓ.ም. ቅዳሴ ቤቱ ተከበረ። ኋላም በእሳት ስለ ጠፋ ንጉሥ ዮስጢንያኖስ በ6ኛው መቶ ዓመት እንደ ገና አሠራው፤ ዛሬም የቆመው ይኸው ነው። በ614 ዓ.ም. የፋርስ ሠራዊት ቅድስት አገርን ሲያጠፋ ይህ ቤት ተረፈ። ወታደሮቹ የሰብአ ሰገልን ሥዕል በአገራቸው ልብስ ተሥሎ አይተው እጃቸውን ሰበሰቡ ተብሎ ይተረካል። ሰፊው ደጃፍ ግን በኋላ ዘመን ጠበበ፤ ፈረሰኛ እንዳይገባበት ነው ይባላል። ዛሬ ቁመቱ አንድ ሜትር ተኩል አይሞላም፤ ጳጳስም ቢሆን መኰንንም ቢሆን ሳያጎነብስ አይገባም።

ወደዚያ ለመሳለም የምንመኝ ብዙዎች ነን፤ ምኞቱም መልካም ነው። ነገር ግን በየደብራችን ቅጥር ግቢ ያለችውን ታናሽ ቤት ልብ ብለናትን? በልጅነታችን የዕቃ ቤት ትመስለን ነበር። ስምዋ ቤተ ልሔም ነው፤ ዲያቆናት የመሥዋዕቱን ኅብስት የሚያሰናዱባት ናት። ኅብስቱ በመሶበ ወርቅ ተሸፍኖ፥ ቃጭል እየተመታ፥ ከእርስዋ ወደ ቤተ መቅደስ ሲሄድ ሕዝቡ ይሰግዳል።

እነሆ ከኅዳር 15 ቀን ጀምረን ጾምን፤ በልደት ሌሊት ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቶ ይፈሳል፤ ከሚቆርበው ይልቅ ወደ ዶሮ ወጡ የሚቸኩለው ግን ይበዛል። ኃጢአታችንን ፈርተን ከሆነ ፍርሃቱ የተገባ ነው፤ ዳሩ ግን የነፍስ አባታችንን ለመጠየቅ ጾሙ ሁሉ ጊዜ ነበረን። የከለከለን ብዙ ጊዜ ቂም ነው። በወሰን ወይም በርስት የተጣላነውን ወንድም ይቅር በለኝ ማለት እንደዚያ ደጃፍ ማጎንበስን ይጠይቃልና፥ ከዓመት ወደ ዓመት እናሻግረዋለን።

ቃጭሉን ስንሰማ ራሳችንን ዝቅ እናደርጋለን። መሶበ ወርቁ ካለፈ በኋላም ቀና ብለን፥ በአጠገባችን የቆመውን የዚያን ወንድም ፊት ላለማየት ወደ ሌላ ዘወር እንላለን።