ፋርማሲ የተማረው አሠልጣኝ

ኑት ሮክኒ ኢንዲያና የሚገኘውን የኖተርዳም ዩኒቨርሲቲ ደጅ ሲረግጥ 22 ዓመት ሞልቶት ነበር፤ ለአዲስ ተማሪ ጎልመስ ያለ ዕድሜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1888 ኖርዌይ ውስጥ ቮስ ተወልዶ፣ በአምስት ዓመቱ ቺካጎ ገብቶ፣ ለትምህርቱ የሚሆነውን ገንዘብ ያጠራቀመው ፖስታ ቤት ተቀጥሮ ነው።

የአሜሪካ ፉትቦል በዚያ ዘመን በአመዛኙ የጉልበት ግፊያ ነበር። ኳስን ወደ ፊት መወርወር ከ1906 ጀምሮ ቢፈቀድም ብዙ ቡድኖች አይደፍሩትም ነበር። በ1913 ክረምት ሮክኒና የክፍል ጓደኛው ጋስ ዶሬይ ኤሪ ሐይቅ ዳር፣ ሴዳር ፖይንት በተባለ መዝናኛ ሥራ ይዘው፣ በትርፍ ሰዓታቸው አሸዋው ላይ አንዱ ሲወረውር ሌላው ሲቀልብ ከረሙ። በኅዳር ወር የሚጫወቱበት የኖተርዳም ቡድን በዚሁ ውርወራ ዌስት ፖይንት ላይ የጦር አካዳሚውን ቡድን 35 ለ13 ረታ። ውርወራውን የፈለሰፉት እነሱ ናቸው የሚለው ወሬ ግን ተረት ነው፤ እነሱ አገር እንዲያየው ነው ያደረጉት።

ሮክኒ በ1914 በፋርማሲ ተመርቆ፣ እዚያው ኖተርዳም ኬሚስትሪ እያስተማረ ረዳት አሠልጣኝ ሆነ።

ከ1918 እስከ 1930 በዋና አሠልጣኝነት 105 ጊዜ አሸንፎ 12 ጊዜ ብቻ ተሸነፈ፤ አምስቱን አቻ ወጣ። መጋቢት 1931 ካንሳስ ላይ የተሳፈረበት አውሮፕላን የእንጨት ክንፉ ተሰብሮ ወደቀ። ስምንቱም ተሳፋሪዎችና አብራሪዎች አለቁ። ሮክኒ 43 ዓመቱ ነበር።